ጠላቷን በገመድ ጎትታ የመጣች መርከብ

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላኩልን ያላችሁ ስለበዛችሁ ይኸው። በቃል እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ፣ የሳልኩበትንና ውሃ የጠጣሁበትን ብቻ አውጥቻለሁ።)

እሺ፣ እንጀምር። የዛሬው ወሬ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ስሟ ጓዳልካናል ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። አውሮፕላን ተሸካሚ ናት፤ ግን ዜና ላይ የምታዩትን ግዙፍ ነገር አታስቡ። ርዝመቷ 156 ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ዘመን የነበሩት ትልልቆቹ ተሸካሚዎች ከ260 ሜትር በላይ ነበሩ። ፍጥነቷ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ትልልቆቹ 60 ያልፋሉ። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ በየመሃሉ ሳስተካክል እንዳንደናገር።

ለምን እሷን መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ይህች ሁለተኛ ደረጃ የምትባል መርከብ አንድ እሁድ ቀን ያደረገችው ነገር አሜሪካኖቹን ከ100 ዓመት በላይ ያላዩትን ድል አጎናጸፋቸው፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ ጦርነቱን ሊያበላሽ የሚችል አደጋ ውስጥ ከተታቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያወራው።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። እንግሊዝ ደሴት ናት። ስንዴውም፣ ነዳጁም፣ ጥይቱም አትላንቲክን አቋርጦ ነው የሚመጣላት። የጭነት መርከቦች ተሰብስበው በቅፍለት ይጓዛሉ፣ የጦር መርከቦች ያጅቧቸዋል፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ ያደፍጡባቸዋል። ሰርጓጅ መርከብ የሚፈራው አውሮፕላን ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ሰርጓጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ መቆየት አይችልም። ባትሪውን ለመሙላት ወደ ላይ ወጥቶ የናፍጣ ሞተሩን ማስነሳት አለበት። ያኔ አውሮፕላን ካየው አለቀለት። ችግሩ፣ ከየብስ የሚነሱት አውሮፕላኖች ውቅያኖሱ መሃል አይደርሱም ነበር። መሃሉ ባዶ ነው። ጀርመኖቹም ይህን ስለሚያውቁ እዚያው ነበር የሚጠብቁት።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ አውሮፕላኑን ይዘህ ሂድ። ግን ትልልቆቹ ተሸካሚዎች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ፓስፊክ ላይ ከጃፓን ጋር ተያይዘዋል። ስለዚህ ትንንሽና ርካሽ ተሸካሚዎች መሥራት ተጀመረ። እንግሊዞች የመጀመሪያቸውን ያገኙት ከጀርመን ከማረኩት የጭነት መርከብ ነው፤ ላዩን ጠፍጣፋ አድርገው ኦዳሲቲ ብለው ሰየሟት። 1941 ሳያልቅ ሰመጠች። ቢሆንም ሐሳቡ እንደሚሠራ አሳይታ ነው የሄደችው።

አሁን ሄንሪ ካይዘር የሚባል ሰውዬ ይመጣል። መንገድና ግድብ የሚሠራ ኮንትራክተር ነው። ከጦርነቱ በፊት መርከብ ሠሪ አልነበረም። እሱ ግን ለባሕር ኃይሉ እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎችን በገፍ ልሥራላችሁ አለ። ባሕር ኃይሉ አይሆንም አለው። ሰውዬው ዝም ብሎ አልተመለሰም፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘንድ ገባ፣ ፈቃዱንም አገኘ። ከዚያ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ቫንኩቨር በምትባል ከተማ (የካናዳዋ አይደለችም) በአንድ ዓመት ውስጥ 50 ተሸካሚ ሠርቶ አስረከበ። ሃምሳ! በሳምንት አንድ ማለት ነው፣ ሊያውም በጦርነት መሃል፣ ብየዳ ትናንት በተማሩ ሠራተኞች። ለዘመናዊ ሞተር የሚሆን ተርባይን ስለጠፋ የድሮ ዓይነት በፒስተን የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ነበር የተገጠመላቸው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል አይደል? መርከበኞቹም የሚያስቡት እንደዚያው ነበር። የመርከቦቹን መለያ ሦስት ፊደላት ይዘው ተቀጣጣይ፣ ተበሳሽ፣ ተጣይ ብለው ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ መራራ ነው። ከነዚህ 50 አንዷ ሊስኮም ቤይ በኅዳር 1943 ፓስፊክ ላይ በአንድ የጃፓን ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ ነው) ተመታች፣ የቦምብ ማከማቻዋ ፈነዳ፣ በ23 ደቂቃ ውስጥ ሰመጠች። 644 ሰው አለቀ። ጓዳልካናል ላይ የተሳፈሩት ልጆች ያንን ሰምተው ነው የሄዱት።

ጓዳልካናል ውሃ ላይ የወረደችው ሰኔ 1943 ነው። መስከረም 25 ሥራ ጀመረች። ስሟ የተወሰደው አሜሪካና ጃፓን በሰለሞን ደሴቶች ለስድስት ወር ከተዋጉባት ደሴት ነው። አዛዧ ካፒቴን ዳንኤል ጋለሪ ይባላል፣ የቺካጎ ልጅ፣ እሱ ራሱ አብራሪ። አዲሷ መርከብ ላይ የመጀመሪያውን መነሳትና ማረፍ ያደረገው ራሱ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማኮብኮቢያው አጭር ነው፣ ልጆቹ ፈርተዋል፤ አለቃው ቀድሞ ሲያርፍ ካዩ ግን ማን እምቢ ይላል?

ጥር 1944 አትላንቲክ ወጡ። ጥር 16 ከሰዓት በኋላ አቬንጀር የሚባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቿ አንድ የጀርመን ሰርጓጅ ሌላውን ነዳጅ ሲቀዳለት አገኙ። ዩ-544ን አሰመጡት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ እየመሸ ነበር። በጨለማ ማረፍ ደግሞ አልተማሩም። አንዱ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ መንገዱን ዘጋው፤ ሌሎቹ ነዳጃቸው እያለቀ ከላይ ይዞራሉ። መጨረሻ ላይ ባሕር ላይ አርፈው አጃቢ መርከቦቹ ለቀሟቸው።

ሌላ አለቃ ቢሆን ከእንግዲህ ከምሽቱ በፊት ግቡ የሚል ትእዛዝ ያወጣ ነበር። ጋለሪ በተቃራኒው ሄደ። ሰርጓጁ የሚወጣው ሌሊት ከሆነ እኛም ሌሊት እንብረር አለ። በሚያዝያ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጀመሩ። ወዲያው ሠራ። ሚያዝያ 9 ዩ-515ን፣ በማግስቱ ዩ-68ን አሰመጡ። ከዩ-68 የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰርጓጁ በድንጋጤ ሲጠልቅ ክዳኑ ተዘግቶበት ውጭ የቀረ ጠባቂ ነው። ውጭ መቅረቱ አተረፈው።

የዩ-515 አዛዥ ቬርነር ሄንከ ታሪክ ለብቻው ንግግር ይወጣዋል፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሄንከ በታኅሣሥ 1942 ሴራሚክ የምትባል የእንግሊዝ መንገደኛ መርከብ አስምጧል። 656 ሰው ተሳፍሮ አንድ ሰው ነው የተረፈው። እንግሊዞች እጅ ከገባሁ በወንጀለኛነት ይሰቅሉኛል ብሎ ይፈራ ነበር። ጋለሪ ይህን ሲያውቅ አንድ የሐሰት መልእክት አዘጋጀ። እንግሊዞች አስረክበን እያሉ ነው፣ አሜሪካኖች ጋ መቆየት ከፈለግህ ጥያቄያችንን ሁሉ እንደምትመልስ ፈርም አለው። ሰውዬው ፈረመ። አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ግን አልናገርም አለ። ሰኔ 15 ቀን 1944 ቨርጂኒያ ውስጥ ፎርት ኸንት ከሚባለው መመርመሪያ ካምፕ በአጥር ሊወጣ ሲል ተመትቶ ሞተ። ጋለሪን ብወደውም ይሄ ቦታ ላይ ሁሌ ይቀፈኛል። ብልጠት ነበር፣ ግን ንጹሕ ብልጠት አልነበረም።

ከዩ-515 ጋር የተደረገው ውጊያ ሌላም ነገር አስተማረው። ሰርጓጁ ቆስሎ ወደ ላይ ሲወጣ ወዲያው አልሰመጠም። ሰዎቹ እየዘለሉ ሲወጡ ጥቂት ጊዜ ቆየ። ጋለሪ ያንን እያየ አንድ ሐሳብ መጣለት። በዚያች ጊዜ ዘለን ብንገባበትስ?

እብደት ይመስላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በውጊያ ባሕር ላይ የጠላት መርከብ ላይ ወጥቶ ከማረከ ከ1815 ወዲህ 129 ዓመት አልፎታል። በሸራ መርከብ ዘመን ማለት ነው። ጋለሪ ግን በግንቦት ኖርፎክ በምትባለው የአሜሪካ ወደብ ላይ የአጃቢ መርከቦቹን አዛዦች ሰብስቦ ቀጥታ ነገራቸው፦ እያንዳንዳችሁ ዘሎ የሚገባ ቡድን አዘጋጁ፣ የመጎተቻ ገመድም ይኑራችሁ፣ ሰርጓጅ ከወጣ በትልቅ መድፍ አትበሱት። አንዳንዶቹ ሳይስቁበት አልቀሩም።

ግንቦት 15 ወጡ። ጓዳልካናልና አምስት ትናንሽ አጃቢዎች፦ ፒልስበሪ፣ ፖፕ፣ ፍላኸርቲ፣ ቻተሌይን፣ ጄንክስ። ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠቁማቸው ዋሽንግተን ያለው የሰርጓጅ መከታተያ ክፍል ነው። ጀርመኖቹ በሬዲዮ ብዙ ያወራሉ፣ የሚያወሩትም ይጠለፋል። በዚህ መረጃ ዩ-505 ወደ አገሩ እየተመለሰ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ እንደሚያልፍ ታውቋል።

ዩ-505 ስለተባለው ሰርጓጅ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እድለ ቢስ የሚለው ቃል ለሱ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። በ1942 ትሪኒዳድ አጠገብ የእንግሊዝ አውሮፕላን በቦምብ መትቶት ተቀዳዶ በራሱ ሞተር እያዘገመ ነው ፈረንሳይ የገባው። ከተጠገነ በኋላ ደጋግሞ ይወጣል፣ በብልሽት ይመለሳል። ጥቅምት 1943 ደግሞ ከላይ ቦምብ እየዘነበባቸው አዛዡ ፔተር ቼሽ ሠራተኞቹ ፊት ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ምክትሉ ነው መርከቡን አውጥቶ ያተረፋቸው። አዲሱ አዛዥ ሃራልድ ላንገ ከባልደረቦቹ በዕድሜ የገፋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር።

ጓዳልካናል ቀናት ሙሉ ፈለገችው። የለም። ነዳጅ እያለቀ መጣ። ዋና መሐንዲሱ ኧርል ትሮሲኖ በየቀኑ ይነዘንዛል፦ ካፒቴን፣ ዛሬ ካልተመለስን ካዛብላንካ አንደርስም። ጋለሪ አንድ ሌሊት ብቻ፣ አንድ ሌሊት ብቻ እያለ ቆየ። በመጨረሻ እጅ ሰጠና ወደ ሰሜን ዞሩ።

እሁድ፣ ሰኔ 4 ቀን 1944። በእኛ ግንቦት 27 ቀን 1936። ረፋዱ 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ቻተሌይን በሶናር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ በሚያገኝ መሣሪያ፣ አንድ ነገር ሰማች። ሰርጓጅ ነው። ከተሸካሚዋ ብዙም አይርቅም። ጓዳልካናል ወዲያው ዞራ ሸሸች፤ ሽሽት ብትሉት ልክ ነው፣ በእንዲህ ዓይነት ውጊያ ውስጥ ተሸካሚ ከቅርብ መገኘት የለባትም። አየር ላይ የነበሩ ሁለት ዋይልድካት ተዋጊ አውሮፕላኖች ወደ ታች ሲያዩ የሰርጓጁ ጥላ ውሃው ውስጥ ይታያል። ልጆቹ ያደረጉት ነገር ደስ ይላል፤ በመትረየስ ውሃውን ተኮሱበት፣ ጥይት ጠልቆ አይገድልም፣ ግን ውሃው ሲረጭ ቻተሌይን እዚያ ጋ ነው ለካ ብላ ዞራ የውሃ ውስጥ ቦምቦቿን በልኩ ጣለች።

ከመጀመሪያው ጥቃት ስድስት ደቂቃ ተኩል አልሞላም፣ ዩ-505 ብቅ አለ። ከቻተሌይን 650 ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ላንገ ሲወጣ በዙሪያው አጃቢ መርከቦች፣ በላዩ አውሮፕላን። ወዲያው ቆሰለ። መርከቡን ልቀቁ አለ። ሰዎቹ ባሕር ውስጥ ይዘላሉ። ቻተሌይን ሰርጓጁ ወደ እሷ ሲዞር አይታ ሊመታኝ ነው ብላ ቶርፒዶ ተኮሰች። ሳተችው። ያ ቶርፒዶ ቢመታ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልሰበስባችሁም ነበር።

ሰርጓጁ ለምን ዞረ? መሪው ተቆልፎ ነው። ሰው የሌለበት መርከብ ሞተሩ እየሠራ፣ አውድማ ላይ እንደ በሬ ክብ ይዞራል። የፒልስበሪ ጀልባ ተከተለችው። ክቡን በውስጥ አቋርጣ ቀደመችውና ልጆቹ ዘለው ወጡበት። መሪያቸው አልበርት ዴቪድ የሚባል መኮንን ነው። መድረኩ ላይ አንድ የሞተ ጀርመናዊ ወድቋል። ከሰርጓጁ ሠራተኞች የሞተው እሱ ብቻ ነው። ዴቪድ፣ አርተር ክኒስፕልና ስታንሊ ውዶቪያክ በመውረጃው ገቡ።

እስቲ አስቡት። ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አያውቁም። የሰዓት ቦምብ ተቀብሮ ይሁን አያውቁም፤ ሰርጓጆች ሲለቀቁ የሚፈነዳ ነገር እንደሚተውባቸው ግን ያውቃሉ። መርከቡ በኋላው በኩል እየሰመጠ ነው። ሦስቱም በሕይወታቸው ሰርጓጅ ውስጥ ገብተው አያውቁም። በደረቅ የምናወራው ነገር ለነሱ ጥቁር ጉድጓድ ነበር። ሲገቡ ማንም የለም። የሞተሩ ድምፅና የሚገባው ውሃ ድምፅ ብቻ።

ዜኖን ሉኮሲየስ የሚባለው ደግሞ ውሃው ከየት እንደሚገባ አገኘ። ጀርመኖቹ ሊያሰምጡት አንድ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ክዳን ከፍተው ነበር የወጡት። ውሃው በወፍራሙ ይንፎለፎላል። ክዳኑን ፈልጎ ወለሉ ላይ አገኘው። መልሶ ገጠመው፣ አጠበቀው። ክዳኑን ባሕር ውስጥ ጥለውት ቢሆን ወይም ሉኮሲየስ ለጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ነገሩ አብቅቶ ነበር። ሌሎቹ ወዲያው ኮዱንና ወረቀቱን ወደ ላይ ማቀበል ጀመሩ፤ መርከቡ ቢሰምጥ እንኳ እሱ እንዲተርፍ።

ቀጥሎ ትሮሲኖ መጣ፣ ያ ስለ ነዳጅ የሚነዘንዘው መሐንዲስ። እሱም ሰርጓጅ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በዘይትና በውሃ ውስጥ በሆዱ እየተሳበ ቱቦ በቱቦ ተከታተለው። ፒልስበሪ ጎትታ ልትወስደው ስትጠጋ የሰርጓጁ ክንፍ ቀደዳት፣ ራሷ ውሃ መሙላት ጀመረች። ስለዚህ ጓዳልካናል ራሷ መጥታ ገመድ ጣለች። አውሮፕላን ተሸካሚ ሰርጓጅ ስትጎትት! ለዚህ የተሠራች አይደለችም። ሌሊት ገመዱ ተበጠሰ፣ ጠዋት እንደገና አሰሩ። እየጎተተችም አውሮፕላን ታስነሳና ታሳርፍ ነበር፣ ሌላ ሰርጓጅ ቢመጣስ?

መሪው አሁንም ተቆልፏል። የእጅ መሪው ያለው ኋላ የቶርፒዶ ክፍል ውስጥ ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ወጥመድ የሚመስል ነገር አለ። ጋለሪ ራሱ ሄዶ አየው፣ በሩን ከፈተው። ካፒቴን የገዛ መርከቡን ትቶ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ አለበት ወይ ለሚለው መልሴ የለበትም ነው። ግን አደረገው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የትሮሲኖ ዘዴ ነው። ሰርጓጁን ከውሃ ለማንሳት ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፣ ባትሪው አልቋል። የናፍጣ ሞተሩን ማስነሳት ደግሞ ቫልቮቹን ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው። ስለዚህ ትሮሲኖ ናፍጣ ሞተሩን ከዘንጉ ለያየው፣ ከዚያ በፍጥነት ጎትቱኝ አለ። ሲጎተት ውሃው የሰርጓጁን ፕሮፔለር ያሽከረክራል፣ ፕሮፔለሩ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩም ባትሪውን ይሞላል። ሠራ። ፓምፖቹ ተነሱ፣ ሰርጓጁ ቀና አለ። ይህን ያሰበው በሁለት ቀን ውስጥ በማያውቀው ማሽን፣ በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ምልክት መሃል ነው።

ቀረብ ወዳለው ወደብ፣ ወደ ካዛብላንካ ቢሄዱ ይቀል ነበር። ግን ወደብ ላይ ሰላይ አይጠፋም። ስለዚህ አትላንቲክን አቋርጠው ቤርሙዳ እንዲያስገቡት ታዘዙ። አብናኪ የምትባል ጎታች መርከብ መጥታ ገመዱን ተረከበች። ሰኔ 19 ደረሱ።

ምን ተገኘ? ሁለት ኢኒግማ የኮድ ማሽን፣ የሚሠራበት ቁልፍ፣ የባሕር ካርታ መለያዎች፣ ድምፅ ተከትለው የሚመቱ አዲስ ዓይነት ቶርፒዶዎች። ወረቀቱ ብቻ 400 ኪሎ ገደማ።

እዚህ ላይ ነው የማጨብጨቡን ነገር ትንሽ ቆም አድርጉ የምላችሁ። ዜናው ዋሽንግተን ሲደርስ የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ አድሚራል ኧርነስት ኪንግ ተቆጣ። ጋለሪን በጦር ፍርድ ቤት ለማቆም አስቦ እንደነበር ይነገራል። ለምን? እንግሊዞችና አሜሪካኖች የጀርመንን ኮድ ቀድመውም ይፈቱ ነበር። የሰርጓጆቹን ቦታ የሚያውቁት በዚያ ነው። ዩ-505 ራሱ የተገኘው በዚያ ነው። ጀርመኖች አንድ ሰርጓጅ ከነኮዱ እንደተማረከ ቢሰሙ ምን ያደርጋሉ? ኮዱን ሁሉ ይቀይራሉ። ኖርማንዲ ላይ ሠራዊት ሊወርድ ሁለት ቀን ቀርቶታል! ጆሮ የሚሆነው መረጃ በዚያ ሳምንት ቢጠፋ ብላችሁ አስቡ።

እኔ ለኪንግ አደላለሁ። ጋለሪ ጀግና ነው፣ የሚሠራውንም ያውቃል፤ ነገር ግን ስለ ኮዱ መፈታት ሙሉውን ነገር ሳያውቅ ነው የገባበት። ጥፋቱ ምናልባት የሱ አይደለም፣ ሊያውቅ አይገባም ተብሎ ነው። ቢሆንም ያገኙት ነገር ሊያጡት ከሚችሉት ጋር ሲመዘን ያን ያህል አይደለም። ሁሉ ነገር አንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ፦ ሰው አፉን ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?

ስድስቱ መርከቦች ላይ 3,000 ገደማ ሰው አለ። አብዛኛው የሃያ ዓመት ልጅ። በሕይወቱ ትልቁን ነገር አይቷል። ኖርፎክ ሲገባ ቡና ቤት አለ፣ ፍቅረኛ አለች፣ እናት አለች። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ከሰርጓጁ አንድ ነገር ኪሱ ከትቷል፤ ሽጉጥ፣ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ። ጋለሪ ሁሉንም መልሱ አላቸው። ነገሩን በጣም ቀላል አድርጎ ነው ያስረዳቸው፦ ማሳየት ካልቻላችሁ ምን ይጠቅማችኋል? መለሱ። ዝም አሉ። ጀርመን እጅ እስከሰጠችበት እስከ ግንቦት 1945 ድረስ ወሬው አልወጣም። ጀርመኖቹ ዩ-505 ሰምጧል ብለው ነው የመዘገቡት። እኛ ጋ ሦስት ሰው የሚያውቀው ነገር ማታውን ሰፈር እንደሚደርስ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ይህን ሳነብ ሁሌ እገረማለሁ።

ዝምታው ግን በነጻ አልተገኘም። 58 ጀርመናውያን ተማርከዋል። ሉዊዚያና ውስጥ ካምፕ ረስተን በሚባል ቦታ ከሌሎች ምርኮኞች ተለይተው ተያዙ። ስማቸው ለቀይ መስቀል አልተነገረም፣ ደብዳቤ አልተላከላቸውም። ቤተሰቦቻቸው ሞተዋል ተብሎ ተነገራቸው። እናት ሐዘን ተቀምጣለች፣ ልጇ ሉዊዚያና ካምፕ ውስጥ በሕይወት አለ። ሕጉ ይህን አይፈቅድም። አሜሪካኖቹም ያውቃሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ነው ወሬው የደረሰው፤ የመጨረሻዎቹ የተመለሱት በ1947 ነው።

አልበርት ዴቪድ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ፣ አትላንቲክ ላይ በተደረገው የባሕር ውጊያ ይህን የተሸለመ የባሕር ኃይል ሰው እሱ ብቻ ነው። ግን በእጁ ሳይቀበለው ሞት ቀደመው። በመስከረም 1945 በልብ ሕመም ሞተ፤ ሜዳዩን ፕሬዚዳንት ትሩማን ለባለቤቱ ሰጡ።

ጓዳልካናልስ? ከዚያ በኋላ ታሪኳ ጸጥ ያለ ነው። ጥቂት ጊዜ አትላንቲክ ላይ ዞረች፣ ከዚያ ፍሎሪዳ አካባቢ ለአዲስ አብራሪዎች የማረፍ ትምህርት መስጫ ሆነች። 1946 ከሥራ ወጣች። ለዓመታት ወደብ ላይ ታስራ ቆየች። 1959 ለብረት ነጋዴ ተሸጠች፣ ጃፓን ውስጥ ተቆራረጠች። ከጃፓን ጋር ሲዋጉባት የነበረችውን ደሴት ስም ይዛ ጃፓን ሄዳ ብረት ሆነች።

የተማረከው ግን ቀረ። ባሕር ኃይሉ ዒላማ አድርጎ ሊያሰምጠው አስቦ ነበር። የጋለሪ ወንድም ቺካጎ ቄስ ነበር፣ እሱ ከከተማዋ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ጋር አገናኘ፣ የቺካጎ ሰው ገንዘብ አዋጣ፣ ሰርጓጁ በ1954 በታላላቆቹ ሐይቆች በኩል ተጎትቶ መጣ። የሐይቁን ዳር መንገድ ትራፊክ አስቁሞ ነው የተሻገረው። ዛሬም እዚያው አለ። ቺካጎ ዘመድ ያላችሁ ስትሄዱ ግቡና እዩት።

ሁለት ጥያቄ ነበር፣ እነሱን መልሼ ላብቃ።

አንዱ ወንድማችን እኛስ እንዲህ ያለ መርከብ ነበረን ወይ ብሎ ጠየቀ። አውሮፕላን ተሸካሚ አልነበረንም። ግን የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ፣ ምጽዋ ላይ የነበረችው «ኢትዮጵያ»፣ ከዚያው ጦርነት የተረፈች አሜሪካዊት ናት። የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነው። ሥራዋ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና መስጠት ነበር፣ ፓስፊክ ላይ ዘምታለች። ለእኛ የተሰጠችው በ1962 ነው። ምጽዋ በ1990 ከእጃችን ወጣች፤ በ1991 አሰብም ሲወጣ ወደ የመን ሸሸች። የሷን ነገር ከአባቶቻችሁ አንዳቸው አገልግለውባት ከሆነ ንገሩኝ፣ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛዋ ጠያቂ እህታችን ላንገ ምን ሆነ አለች። እግሩ ተቆረጠ። ጓዳልካናል ላይ በሕክምና ክፍል ተኝቶ ሳለ ጋለሪ መጥቶ ሰርጓጅህን ይዘነዋል አለው። ላንገ አላመነም። ሰምጧል ብሎ ድርቅ አለ። ጋለሪ ሰው ልኮ ከካቢኑ የላንገን የቤተሰብ ፎቶ አስመጣና አልጋው ላይ አስቀመጠለት፣ ያኔ አመነ። በ1946 ወደ አገሩ ተመለሰ።